ከተማሪዎች ቁጥር እንድቀነስ ስለመጠየቅ

የአገሮችን የሰው ልማት ደረጃ እያወዳደረ ለሚያወጣው ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ፣ በተለይም ዓይንዎ ከሕመም ሁሉ እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሣሁት በየዓመቱ የሚያወጡትን ሰንጠረዥ ስላየሁት ነው፤ ፊደሉ ከጉንዳን ያንሳል፣ የዓለም ሕዝብ ደግሞ በሙሉ እዚያ ውስጥ ታጭቋል፤ ያን ሁሉ ሰው በዚያ ደቃቃ ፊደል ሲያነቡ መዋል ከባድ ሥራ መሆኑን ስለምገምት፣ የእኛን ቤት ሳያዩት ቢያልፉ አልቀየምም።

እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም፤ ሱቅ ስሄድ እንኳ የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳየው፣ ባለሱቁም «ዛሬም ምላስሽን ቤት ረስተሽ መጣሽ?» ይለኛል። ትምህርቴም ጥቂት ነው። ለእርስዎ መጻፍ የደፈርኩት የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ለአለቃ፣ ለዳኛ፣ ለሥራ አስኪያጅ የጻፈውን አቤቱታ አባዛለሁ፤ የማሽኑን ክዳን እከፍታለሁ፣ ወረቀቱን በፊቱ እደፋለሁ፣ ክዳኑን እዘጋለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ። ማሽኑ ስለሚዘገይ የማነብበት ጊዜ አለኝ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን ሐረግ ከሺህ ጊዜ በላይ ስላባዛሁ እኔም ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ ሞክሬያለሁ።

ሰንጠረዥዎ እጄ የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ለስብሰባ በአርባ ቅጂ እንዲባዛለት ይዞት መጣ። ያን ቀን ማሽኑ ሞቆት ስለነበር በየገጹ ላይ ጥቁር መስመር እየጣለ አስቸገረን፤ ከተበላሹት ገጾች አንዱን የኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምንለው ሰው፣ «ውሰጂው፣ ከሚጣል» ብሎ ሰጠኝ። ጥቁሩ መስመር ያረፈው ከላይ ባሉት አገሮች ላይ ነው። ስለዚህ ማን አንደኛ እንደወጣ እስካሁን አላውቅም፤ ማንም ይሁን ማን እንኳን ደስ ያለው።

የእኛ አገር ታች ነበረች። ከስሟ ፊት ያለውን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው የወረፋ ቁጥር መስሎኝ ነበር። አገሮች ሁሉ በአንድ ረጅም ኮሪደር ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ፣ ቁጥራቸው ሲጠራ እየተነሡ የሚገቡ መሰለኝና ጠሪው የት ደርሶ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ደረጃ ማለት ሌላ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አይፍረዱብኝ፤ ስለ ደረጃ የማውቀው ነገር የለም፣ ስለ ወረፋ ግን ጥቂት አውቃለሁ፤ ቅሬታዬንም ከዚያው እጀምራለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ዕድሜ።

የሰንጠረዥዎ የመጀመሪያ ዓምድ በአገራችን የተወለደ ሰው ስድሳ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ይኖራል ተብሎ እንደሚጠበቅ ይገልጻል። አራቷን ወር እንኳ ሳይረሱ ስለቆጠሩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። እናቴ የሞተችው በሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ሰንጠረዡ አይናገርም፤ እርስዎ ከሆኑ ግን እኛም አብረንዎት ስንጠብቅ እንደነበር እንዲያውቁልን እወዳለሁ። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጠብቀናል። የወረፋ ቁጥሯ ሰማንያ አንድ ነበር፤ እጇን ስላላባት ወረቀቱ ራሰባትና እኔ ያዝኩላት። እሷ ሆዷን ይዛ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ስንት ደረሱ?» ትለኛለች፤ እኔ ወደ በሩ ሄጄ እመለሳለሁ። «ሠላሳ ዘጠኝ።» «እሺ።» «አርባ አራት።» «እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እየሄደ ነው።» አምሳ አራት ሲጠራ በሩ ጋ ነበርኩ። ስመለስ አልጠየቀችኝም።

ሰማንያ አንድ ከወረፋው ስትወጣ ከኋላዋ የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ቀደሙ። ሰማንያ ሁለትን የያዘችው ሴት መጀመሪያ ቁጥሯን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አልተቀየምኳትም፤ እሷም ታማ ነው የመጣችው። ነገር ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እገሌ የተባለ አገር አንድ ደረጃ ከፍ አለ ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ከፊቱ የነበረው ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ይህ የእኔ የአስተሳሰብ ጉድለት እንጂ የእርስዎ ስሕተት አይደለም። ከእናቴ የተረፈው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ማን ዘንድ እንደሚገኝ ግን ቢያሳውቁን ታናናሽ ወንድሞቼ ደስ ይላቸው ነበር፤ በተለይ ትንሹ ያኔ አራት ዓመቱ ስለነበር፣ ሁሉም ባይሆን አራቷ ወር ብቻ ብትሰጠው እንኳ ፊቷን ለማስታወስ ትበቃው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ትምህርት። ይህ ይረዝማልና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቴ ስትሞት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አቋረጥኩ። ማንም አትማሪ አላለኝም፤ ክፉ አባት ወይም ክፉ አስተማሪ ያለበት ታሪክ ጠብቀው ከሆነ ስላሳዘንኩዎ አዝናለሁ። ሁለቱን ልጆች ጠዋት አልብሶ የሚሸኝ ሰው አስፈለገ፤ አባቴ የግድግዳ ልስን ሠራተኛ ስለሆነ ከቤት የሚወጣው ሳይነጋ ነው። አንድ ሳምንት ቀረሁ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ መመለሱ አሳፈረኝ። ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። የደብተር ቦርሳዬን አባቴ ከሚስማሩ ላይ አላወረደውም፤ እኔም አላወረድኩትም። በሌላ ጊዜ ቤታችንን ሊለስን ሲነሣ እንኳ ዙሪያውን ለስኖ አለፈው፤ ቦርሳው ቢነሣ ከበስተኋላው አሮጌው ግድግዳ እንደነበረ ይታያል።

ባለፈው ዓመት፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ረፋድ ላይ፣ ጠያቂ መጣ። የሰበሰበው መልስ ከብዙ መልስ ጋር ተደምሮ እርስዎ ዘንድ እንደሚደርስ ራሱ ነው የነገረን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ላብ በላብ ሆኖ፣ ታብሌቱን እንደ ሙሉ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። የሰፈራችን ተወካይ፣ እትዬ የምንላት ጎረቤታችን፣ ቤት ለቤት እያደረሰችው ስለነበር እሷም ገባች። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አባቴ ነበረ፣ ልጆቹ ነበሩ፣ በሩ ክፍት ነበር፣ ከበሩ ውጪ ደግሞ ሴቶቹ ልብስ ያጥቡ ነበር። ጠያቂው ወለላችንን ረግጦ ቆሞ «ወለላችሁ ከምንድን ነው የተሠራው?» አለ። አባቴ ወለሉን አየ፣ ልጁን አየ፣ «እንደምታየው ነው፣ ወንድሜ» አለው። ልጁም አፍሮ «መጠየቅ ግዴታ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ከዚያ «ሴት ልጅዎ ትምህርት ላይ ናት?» አለ።

አባቴ ጥፍሮቹን ማየት ጀመረ፤ ሲሚንቶ ስለሚገባባቸው የዕረፍት ቀንም ቢሆን አይጠሩም። ልጁ አልሰሙኝም ብሎ ጥያቄውን ጮክ አድርጎ ደገመው። ውጪ የነበረው የልብስ ማሸት ድምፅ ቆመ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ሳልጠየቅ ሰው ፊት የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ «እማራለሁ» አልኩ። «ስንተኛ ክፍል?» «ዘጠነኛ።» ቁጥሩ አላስቸገረኝም፤ ባላቋርጥ ኖሮ ስንተኛ እደርስ እንደነበር በየዓመቱ በልቤ እቆጥራለሁ። ጠያቂው «ጎበዝ!» ብሎ ታብሌቱን ነካ አደረገ። እትዬ፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ የልጆቹን ልብስ አብራኝ የምታጥበው እትዬ፣ ጫማዋን ማየት ጀመረች። በኋላ ብቻዋን ሳገኛት «ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ? የአባትሽን ፊት አየሁት እኮ» አለችኝ። አባቴ እንግዶቹ ሲወጡ ተነሥቶ ታጥቦ የተደፋውን ባልዲ ወሰደና እንደገና አጠበው።

ነገሩ እኔ ላይ ብቻ ቢቆም አልጽፍልዎም ነበር። ቀጥሎ ያለው በር የቀጭኗ ነው፤ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ሳሙና ስታሽግ ነው የምትውለው፣ ትምህርት የተወችውም ከእኔ ቀድማ ነው። የእኔን መልስ ሰምታ ኖሮ ጠያቂው ሳይጨርስ «አሥረኛ!» አለች። ኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት «እና አንቺ ዘጠነኛ ገብተሽ እኔ ቤት ልቀመጥልሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ከእሷ ቀጥሎ መንትዮቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሁለቱም አሥረኛ ሆኑ፣ አንደኛዋ እንዲያውም ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። የሁላችን ታላቅ የሆነችው ተራዋ ሲደርስ የቀረላት ክፍል ስላልነበረ «ኮሌጅ ልገባ ነው» አለች፤ እናቷ ከሳፋው ቀና ብላ ከልቧ ደንግጣ «የት? መቼ ነገርሽኝ?» አለቻት። ያን ቀን በእኛ መተላለፊያ የምንኖር ሰባት ልጃገረዶች፣ ለዓመታት የትምህርት ቤት በር ረግጠን የማናውቀው፣ ከረፋዱ እስከ ምሳ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁላችንም ተማሪ ሆንን። ያለ መምህር፣ ያለ ደብተር፣ ያለ አንዲት ጠመኔ እንዲህ የተፋጠነ ልማት በየትኛውም አገር ታይቶ ከሆነ ቢያሳውቁን እንማርበታለን።

ከወራት በኋላ አገራችን አንድ ደረጃ ከፍ ማለቷንና ለዚህም የልጃገረዶች ትምህርት ማደጉ እንደረዳ በሬዲዮ ተነገረ። ኮፒ ቤት ውስጥ ነበርኩ። አንድ ደንበኛ «ሰምታችኋል? ከፍ ብለናል!» አለ፤ ጋሼም ከማሽኑ ሆድ ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት እየጎተተ «ቀስ ነው እንጂ፣ ወገባችንን እንዳንሰበር» አለው። ሁሉም ሳቁ። እኔ ብቻ ፊቴ ጋለ። በሰባት ልጃገረዶች ውሸት አገር ከፍ እንደማትል አላጣሁትም። ነገር ግን እንደ እኛ ያለ መተላለፊያ ስንት ነው? ጠያቂ በዕረፍት ቀን ሲመጣ አባት ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝበት ቤትስ ስንት ነው? ይህን የሚያሳይ ዓምድ ሰንጠረዥዎ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ ምናልባት ጥቁሩ መስመር ስር ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ገንዘብ። ይህን ትቼዋለሁ። በሰንጠረዡ መሠረት በነፍስ ወከፍ ይደርሰኛል የተባለውን ሳነብ ለአባቴ ነገርኩት፤ «ከመጣ ተቀበዪው» ብሎኝ ወጣ። ከዚህ የምጨምረው የለኝም።

አራተኛ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ጉዳይ።

ሰፈራችን ውስጥ የተዘጋ አሮጌ ጤና ጣቢያ አለ። በመጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ትምህርት ላቋረጡ ልጃገረዶች ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የከሰዓት ክፍል ዘንድሮ ተከፍቶልናል። ግድግዳው ላይ የተበላ ጥርስ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ቀርቷል፤ መንትዮቹ «ርእሰ መምህራችን» ይሉታል። የምታስተምረን ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። ገበያ በዚያ ሰዓት ስለሚቀዘቅዝ ጋሼም «ሂጂ ሂጂ፣ ማሽኑም ወረቀት ከበላ በኋላ ማሸለብ ይወዳል» እያለ ይለቀኛል። ሰባታችንም አንድ ቀን ቀርተን አናውቅም። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ፤ ብዙ ሳይሆን፣ መልሱን ሳውቅ ብቻ።

አማካይ ምን እንደሆነ የተማርነው እዚያ ነው። መምህርቷ ሰባታችንንም ግድግዳው ሥር አቁማ ለካችን፣ ደመርን፣ ለሰባት አካፈልን፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት ወጣ። «አሁን ይህን ቁመት ያላት ልጅ ትነሣ» አለች። ማንም አልተነሣም። አንዷ አጠር፣ አንዷ ረዘም፣ ልክ ሃምሳ አራት የሆነች ግን የለችም። ቀጭኗ «መዝገብ ላይ ጻፏት እንጂ፣ ይህቺ ልጅ እኮ አታረፍድም፣ አትራብም፣ እናቷም አትሞትባትም» አለች፤ ልንስቅ ጀምረን በመሐል ተውነው። ሰንጠረዥዎን መጀመሪያ ሳየው የገረመኝ ነገር ያን ቀን ገባኝ። እርስዎ ስለ እኛ አይደለም የሚጽፉት፤ ስለዚያች ልጅ ነው። ጤንነቷን ስለሚከታተሉላት በእሷ ስም አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የጽሕፈት ቤት ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ ኮፒ ቤት መጣ። በአሥራ ሁለት ቅጂ እንዲባዛ ነበር። እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። «በተደረገው ጥናት መሠረት በአካባቢው ከትምህርት ገበታ ውጪ የሆነች ልጃገረድ ያልተገኘች በመሆኑ፣ የከሰዓት ክፍሉ ከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ጀምሮ እንዲዘጋ ተወስኗል» ይላል። እጄ ክዳኑ ላይ ቀረ። ተላላኪው «ምነው፣ ተበላሸ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁና ቁልፉን ተጫንኩ። አለመገኘታችንን አሥራ ሁለት ጊዜ በገዛ እጄ አወጣሁት፤ ወረቀቱ ትኩስ ነበር። ጋሼ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አድርጎ አየና «ዛሬስ ጥርት ብሎ ወጥቶልሻል» አለኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ለፈተናው የሚያስመዘግበን ይህ ክፍል ነው፤ ክፍሉ ከተዘጋ የሚያስመዘግበን የለም። እስከሚቀጥለው ዓመት ፈተና ድረስ ቀጭኗ ልትዳር እንደምትችል አውቃለሁ፣ መንትዮቹም አክስታቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ የእኔን አላውቅም፤ ከዚህ በኋላ ግን ሌላ በር እንደማላገኝ አውቃለሁ። መምህርቷ ደብዳቤውን ወደ ጻፈው ጽሕፈት ቤት አቤት ልትል ሄዳ ነበር። የተመዘገበውን መልስ የሰጠው ሰው ራሱ ቀርቦ ካልሻረው፣ የቤተሰቡ ኃላፊም ካልፈረመበት በቀር መረጃ አይታረምም አሏት። መልሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሄድኩ።

መስኮቱ ፊት ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ጸሐፊው ቀና ብሎ «አቤት እኅቴ፣ ምን ነበር?» አለኝ፤ ደግ ፊት ነበረው። ከኋላዬ ዘጠኝ ወይ አሥር ሰው ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ሰዓት ስንት ነው?» አልኩት። «አምስት ከሩብ» አለኝ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሳለቅስ አንዲት ሴት መጥታ ሰዓት ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ እሷን እንኳ አምስት ከሩብ አልኳት።

ይህ ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣ የፈለግሁት ለዚህ ነው። በአንድ ሰው ፊት መናገር ያቃተኝን በብዙ ሰው ፊት ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ፤ የአንድም ሰው ፊት አላይምና። ስለሆነም የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል አይደለሁም። ሰባተኛን ጀምሬ አቋርጫለሁ። ከተማሪዎች ቁጥር ላይ እንድቀነስ፣ ከትምህርት ገበታ ውጪ ከሆኑት ጋር እንድጻፍና ክፍሉ እስከ ፈተናው እንዲቆይልን እጠይቃለሁ። ሌሎቹ ስድስት ልጆች የየራሳቸውን ይጽፋሉ፤ ኮሌጅ ልትገባ የነበረችው ጀምራለች። ይህ እርማት አገራችንን ከደረሰችበት ደረጃ የሚያወርዳት ከሆነ ስለሚደርስብዎ ድካም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለሬዲዮው ሰውም ሐዘኔን አድርሱልኝ። ቦታችንን የሚወስደውን አገር እንኳን ደስ ያለህ በሉልን፤ ነገር ግን ይህን ከማለትዎ በፊት እዚያም አባቶች ቤት እያሉ ተጠይቆ እንደሆነ አጣሩለት።

ለእኔ ቢጤ ሰው መኖር የሚገባትን ዕድሜ፣ መማር የሚገባትን ዓመትና ማግኘት የሚገባትን ገቢ እስከ ነጥብ ድረስ አስልተው ስለሚያውቁልኝ ያለኝን አክብሮት እየገለጽሁ፣ ሰንጠረዥዎ ሁልጊዜ ድምሩ የሚገጥም፣ ጠረጴዛዎ በቂ ብርሃን ያለው፣ እርስዎም በየትኛውም ኮሪደር ቁጥር ይዘው የማይቀመጡ እንዲሆኑ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዝቅተኛ ድምፅ ጋር፤
ተፈልጋ ያልተገኘችው፣
የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ

ማስታወሻ፤ የቤተሰብ ኃላፊ ፊርማ ስለሚያስፈልግ፣ ዛሬ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ስለ ቦርሳው የጻፍኩት ላይ ስደርስ «ቀስ ብለሽ» አለኝ፤ ቀስ ብዬ ደገምኩለት። ስጨርስ እስክሪብቶ ሰጠሁት። ያዘው፣ አገላበጠው፣ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው። «ያ ልጅ እኔንም ስንተኛ ድረስ ተማርክ ብሎኝ ነበር። ስድስተኛ ብዬዋለሁ» አለ። እኔም ከልጅነቴ የማውቀው ስድስተኛ ነው። ቤታችን ወረቀት በመጣ ቁጥር «እጄ ሲሚንቶ ነው፣ አንቺ አንብቢው» ይለኛል፤ እጁም እውነት ሲሚንቶ ስለሆነ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። «አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ልጄ። የእኔንም አብረሽ አስቀንሺልኝ» አለ። ስለዚህ ከአዋቂዎች የትምህርት ዓመት ላይ ስድስት ዓመት እንዲያነሡልን እየጠየቅሁ፣ ከዚህ በታች ያለው የአውራ ጣት አሻራ የእሱ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ነገ የግማሽ ቀን ሥራውን ትቶ ወደ መስኮቱ አብሮኝ ይመጣል። እዚያ ደርሰን ድምፃችን እንዳይጠፋ ብለን ደጃፋችን ላይ ቆመን ተለማመድን፤ እኔ ጠያቂ ሆኜ «ጋሼ፣ ስንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል?» እለዋለሁ፣ እሱ «አልተማርኩም» ይላል። በመጀመሪያው ለራሱም አልተሰማውም። በሁለተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። በሦስተኛው ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ሁሉ ዘወር ብለው አዩት፤ እሱም ጥፍሮቹን ሳያይ ቆሞ አያቸው። እርስዎ ባለሙያ ነዎትና፣ ይህን በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፉት ቢነግሩን እናመሰግናለን።